የስፓኒሽ መደበኛ ግስ በአሁን ጊዜ፦ ሰንጠረዡን አውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ ግን አይመጣም

የሳህን_ጌታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። የምሠራው ሬስቶራንት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከኤልሳልቫዶር የመጡ ናቸው። አለቃው ካልመጣ በቀር እንግሊዝኛ የሚያወራ የለም፤ ቀልዱም ስድቡም በስፓኒሽ ነው። ዝም ብሎ መሳቅ ሰለቸኝና ስልኬ ላይ አፕ አውርጄ መማር ጀመርኩ።

ቃላት ቶሎ ነው የያዝኩት። ያስቸገረኝ ግሱ ነው። ሰንጠረዡን እንደ ውዳሴ ማርያም እወጣዋለሁ፦ አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላሞስ፣ አብላን። ልናገር ስል ግን የሚወጣው ያልረባው ግስ ነው። «ነገ እሠራለሁ» ለማለት «ዮ ትራባኻር ማኛና» እላለሁ። ይገባቸዋል፤ ግን ይስቃሉ። በኛ «እኔ መሥራት ነገ» እንደማለት መሰለኝ።

ሌላው ጥያቄ። አፑ «ትራባኻስ» ሲል መሃል ላይ «ባ»ን ረገጥ ያደርጋታል። ልጆቹ ግን መጨረሻ ላይ «ኻስ» የምትለዋን ነው የሚረግጡት። የትኛው ነው ትክክል? ሰንጠረዥ መሸምደድ ሳይሆን ሥራ ላይ የሚያወራ አፍ ነው የምፈልገው።

ፊደል_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ሰንጠረዡን ለጊዜው እርሳው። የኛን ሀሁ ታስታውሳለህ አይደል? እሱ ይበቃሃል።

ያልረባ የስፓኒሽ ግስ ሁሉ የሚያልቀው በ«ር» ነው። ከ«ር» በፊት ያለችውን ፊደል ተመልከት። አብላር (መናገር) ላይ «ላ» ናት፣ ራብዕ። ኮሜር (መብላት) ላይ «ሜ» ናት፣ ኃምስ። ቢቢር (መኖር) ላይ «ቢ» ናት፣ ሣልስ። ያለው ቤት ይሄ ሦስቱ ብቻ ነው።

ማርባት ማለት «ር»ን ጥለህ ያቺን ፊደል ማገላበጥ ነው። «እኔ» ስትል በሦስቱም ቤት ሳብዕ ትሆናለች፦ አብሎ፣ ኮሞ፣ ቢቦ። በቃ። እዚህ ላይ ምንም የምታስበው ነገር የለም።

ለሌሎቹ ፊደሏ ወደ ቤቷ ትመለስና ጭራ ይገባላታል። ለአንተ «ስ»፣ ለእሱ ባዶ፣ ለእኛ «ሞስ»፣ ለእነሱ «ን»። ስለዚህ፦

አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላሞስ፣ አብላን።
ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜን።
ቢቦ፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቢሞስ፣ ቢቤን።

ሦስተኛው ቤት ተንኮለኛ ነው። ስሙ ሣልስ ነው እንጂ ሣልሱን የሚያስቀረው ለ«እኛ» ብቻ ነው። በቀረው ከኮሜር ተለይቶ አይታወቅም። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው እዚያች ቢቢሞስ ላይ ስለሆነ እሷን ለብቻዋ ያዛት።

ደግሞ አይዞህ፣ ትልቁ ቤት የአብላር ነው። ከስፓኒሽ ግሶች አብዛኞቹ እዚያ ናቸው፤ አዲስ የሚወለደውም ማለት ይቻላል ሁሉም እዚያ ነው የሚገባው። እኛ «ቻት አደረግኩ» ብለን ቃሉን እንዳለ እናስቀምጥና «አደረገ»ን እናረባለን። እነሱ ግን ቃሉን ራሱን ያረቡታል፦ ቻቴአር፣ ቻቴኦ፣ ቻቴአስ፣ ቻቴአ። ትዊት ማድረግም ትዊቴአር ሆኗል። ወጥ ቤት የሚያስፈልግህን እየው፦ ላባር (ማጠብ)፣ ኮሲናር (ማብሰል)፣ ሊምፒያር (ማጽዳት)፣ ኮርታር (መቁረጥ)፣ ዬባር (መውሰድ)፣ ፓጋር (መክፈል)። ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።

ቡና_ጠጡ

ፊደል_ቆጣሪ፣ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው አላጋጠመኝም። ግን አንድ ነገር፦ አንተና አንቺ አንድ ነው? ለሴት ሳወራ ምን ልጨምር?

ፊደል_ቆጣሪ

ምንም። አብላስ ለአንተም ለአንቺም ነው። እንዲያውም አብላ ብቻዋን ስትቆም እሱም ናት፣ እሷም ናት፣ እርስዎም ናት። እኛ «ትናገራለች» ስንል ሴት መሆኗ ከግሱ ይታወቃል፤ ከፊትም ከኋላም ምልክት አለበት። ስፓኒሽ ከፊት ምንም አይጨምርም። ስለማን እንደምታወራ የማይታወቅ ከሆነ ስም ጥራ፣ ወይም ኤል (እሱ)፣ ኤያ (እሷ) በል።

«ዮ»ን ግን ቀንስ። ብዙ አበሻ እንግሊዝኛውን ይዞ ይመጣና በየአረፍተ ነገሩ «ዮ፣ ዮ፣ ዮ» ይላል። «እኔ እበላለሁ፣ እኔ እተኛለሁ፣ እኔ እነሳለሁ» የሚል ሰው ቢመጣብን ምን ሆነ እንላለን። አብሎ ውስጥ «እኔ» አለ። «ዮ» የምትገባው ከሌላው ለመለየት ነው፦ «እሱ ይብላ፣ እኔ ግን እሠራለሁ» ዓይነት ቦታ።

ሲያፈርሱ ደግሞ ከኛ በጣም ይቀላል። እኛ «እናገራለሁ»ን «አልናገርም» ለማድረግ ግሱን ከላይ እስከ ታች እንነካዋለን። እነሱ «ኖ አብሎ» ብለው ያልፋሉ። ጥያቄም ሲሆን ድምፅህን ከፍ ማድረግ በቂ ነው።

የቶሮንኻ_ልጅ

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ ይሄን ቋንቋ በሰንጠረዥም በፊደልም አልተማርኩትም። በ1970ዎቹ ወደ ኩባ ከተላክነው ልጆች አንዱ ነኝ። ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ፣ የወጣቶች ደሴት። የአንጎላውም የሞዛምቢኩም የናሚቢያውም ልጅ እዚያ ነበር። ግማሹ ቀን ትምህርት፣ ግማሹ ቀን እርሻ። እርሻው ቶሮንኻ ነው፣ ግሬፕ ፍሩት የምትሉት።

መጀመሪያ አፌ ላይ የተቀመጠው ግስ ሬኮኼር ነው፣ መልቀም። ከዛፉ ሥር ሆነን «ኪየን ሬኮኼ አኪ?» (እዚህ ማነው የሚለቅመው?) ሲሉን «ሬኮኾ ዮ!» እንላለን። ሬኮኾ፣ ሬኮኼስ፣ ሬኮኼ፣ ሬኮኼሞስ፣ ሬኮኼን። የሚገርማችሁ፣ በላቲን ሲጻፍ ይሄ ግስ ለ«እኔ» ፊደል ይለውጣል። ድምፁ «ኸ» ሆኖ እንዲቆይ «ጌ»ው ወጥቶ «ኾታ» የሚሉት ፊደል ይገባል። ተማሪው እሱን አይቶ ወጣ ያለ ግስ ነው ብሎ ይፈራዋል። በኛ ፊደል ጻፉት፦ ኾ፣ ኼ። ምን ተለወጠ? ምንም። ለጆሮ ፍጹም መደበኛ ነው።

ኩባ ላይ ግን ሌላ ጉድ አለ። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጧታል። አብላስ ሲሉ የሚሰማችሁ አብላ ነው። ታዲያ አንተ ነህ ወይስ እሱ ነው? ለዚህ ነው ኩባውያን «ቱ»ን (አንተን) የማይጥሏት። ሌላው አገር «ኬ ኮሜስ?» (ምን ትበላለህ?) ሲል የሃቫና ሰው «ኬ ቱ ኮሜ?» ይላችኋል። ፊደል_ቆጣሪ ልጄ፣ ተውላጠ ስሙን ጣሉ ያልሽው ለቦጎታ ይሠራል፣ ለሃቫና ግን አይሆንም።

ልጄ የሳህን ጌታ፣ ለአንተ የምልህ አንድ ነው። ግሱን ለብቻው አትሸምድድ። ከሥራው ጋር ያዘው። ሳህን ስታነሳ «ዬቦ»፣ ስታጥብ «ላቦ»፣ ሽንኩርት ስትከትፍ «ኮርቶ»። እጅህ እየሠራ አፍህ ይበል።

የሳህን_ጌታ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የዚያ ደሴት ነገር ሌላ ቀን ሙሉውን ይንገሩን።

ማድሪድ_ሜትሮ

ደስ የሚል ውይይት ነው። ግን አንድ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ አለበትና እኔ ልሁን።

በግዕዝ ፊደል መጻፍ አደጋ አለው። ፊደላችን ረገጡን አያሳይም። ስፓኒሽ ውስጥ ደግሞ ረገጡ ትርጉም ይለውጣል። ፓጎ የሚለውን ውሰዱ። «ፓ»ን ብትረግጥ «እከፍላለሁ» ነው። «ጎ»ን ብትረግጥ «ከፈለ» ነው፣ እሱ፣ ያለፈ ጊዜ። በላቲን ሲጻፍ መጨረሻዋ ፊደል አናት ላይ ጭረት ትደረጋለች፤ በኛ ግን ሁለቱም ፓጎ ነው። ጓደኞችህን ልጋብዝ ብለህ ደረትህን ነፍተህ «ፓጎ!» ስትል «ጎ»ን ከረገጥክ አስተናጋጁ «ማነው የከፈለው?» ብሎ ዙሪያውን ያያል።

ሕጉ ይሄ ነው። በአሁን ጊዜ ረገጡ የሚወድቀው ግሱ ስር ላይ ነው፣ ጭራው ላይ አይደለም። እኔ፣ አንተ፣ እሱ፣ እነሱ፦ አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላን፤ ሁሉም ላይ «አብ»ን ርገጥ። «እኛ» ላይ ሲደርስ ብቻ ወደ ኋላ ይሸሻል፦ አብላሞስ፣ «ላ»ን ርገጥ።

እኛ እዚህ ስፔን ደግሞ ስድስተኛ አለን፦ ቦሶትሮስ፣ እናንተ። አብላይስ፣ ኮሜይስ፣ ቢቢስ። ላቲን አሜሪካ ይሄን አይጠቀሙበትም፤ ለ«እናንተ» ኡስቴዴስ ይሉና ግሱን እንደ «እነሱ» ያደርጉታል፣ ኡስቴዴስ አብላን። ስለዚህ ፊደል_ቆጣሪ አምስቱን ብቻ መስጠቷ ለሜሪላንድ ልክ ነው። ማድሪድ የሚመጣ ሰው ግን ስድስተኛዋን ካልያዘ ጓደኞቹ ሲያወሩ ግማሹ ያመልጠዋል።

ፊደል_ቆጣሪ

የረገጡን ነገር እቀበላለሁ። ግን መፍትሔው ፊደላችንን መጣል አይደለም። ድጓ ላይ እኮ ዜማው የሚነበበው ከፊደሉ በላይ በተጻፈ ምልክት ነው፤ ከምልክቶቹ አንዱ ስሙ ራሱ ጭረት ነው። እና ደብተርህ ላይ የምትረገጠዋን ፊደል አናቷ ላይ ሰረዝ አድርግባት። ማን ይከለክልሃል?

ማድሪድ_ሜትሮ

ማንም። ሜኑ ግን በላቲን ነው የሚጻፈው፣ የሥራ ፕሮግራሙም በላቲን ነው የሚለጠፈው። ልጁ «ሀ» ብሎ የጀመረው በግዕዝ ከሆነ ሁለቴ ሊማር ነው። እኔ ከመጀመሪያው በላቲን እላለሁ።

ፊደል_ቆጣሪ

ልጁ ማንበብ አላለም። አፌ ላይ አይመጣም ነው ያለው። እንግሊዝኛ አንባቢ ሆኖ ላቲኑን ሲያይ እኮ «ኮሜ»ን «ካም» ብሎ ነው የሚያነበው! ቀድሞ ድምፁን ይያዝ።

ማናሳስ_ሾፌር

እናንተ ስትከራከሩ ሁለተኛው ጥያቄው ተረሳ። እኔ ልመልስ፣ ከሳልቫዶሮች ጋር ስኖር ኖሬያለሁ።

የሳህን ጌታ፣ ጆሮህ ልክ ነው። አፑም ልክ ነው። ልጆቹ «ቱ» አይደለም የሚሉህ፣ «ቦስ» ነው። ቦስ ማለት ያው አንተ ነው፣ የራሱ ግስ አለው። ኤልሳልቫዶር፣ ሆንዱራስ፣ ኒካራጓ፣ አርጀንቲና፣ ኡራጓይ ላይ በሰፊው ያለ ነው። አረባቡ ከ«ቱ» ይቀላል። «ር»ን በ«ስ» ቀይር፣ መጨረሻውን ርገጥ፣ አለቀ።

ትራባኻር፣ ቦስ ትራባኻስ («ኻስ»ን ርገጥ)።
ኮሜር፣ ቦስ ኮሜስ («ሜስ»ን ርገጥ)።
ቢቢር፣ ቦስ ቢቢስ («ቢስ»ን ርገጥ)።

አየህ፣ እዚህ ቢቢር እንኳን ሣልሱን አይለቅም። «ቱ ቢቤስ»፣ «ቦስ ቢቢስ»። ማድሪድ_ሜትሮ ለ«እናንተ» ነው ያለው «ቢቢስ» ቁርጥ እሱን ይመስላል፤ በድሮ ጊዜ ዘመድ ናቸው።

ጋሼ ስለ ኩባ ያሉት «ስ» መዋጥ ሳልቫዶሮቹም ጋ አለ። «ስ»ዋን ወደ «ህ» ያሳሷታል። ግን መጨረሻው ከተረገጠ ቦስ መሆኑ ይገባሃል። ረገጡን ስማ።

አንተ ራስህ ምን ትበል? «ቱ» ብትል ይገባቸዋል፣ ትምህርት ቤት ተምረውታል፤ ትንሽ የቴሌቪዥን ሰው ትመስላለህ እንጂ። እኩዮችህን ቦስ በላቸው። አንድ ቀን ሳይታሰብ «ቦስ፣ ላባስ ኦ ኮሲናስ?» (አንተ፣ ታጥባለህ ወይስ ታበስላለህ?) በላቸውና የሚሉህን ንገረን።

ቡና_ጠጡ

ትልቅ ሰውን ቦስ ይባላል እንዴ? እኛ ሬስቶራንት አንዲት እናት አሉ፣ ቶርቲያ የሚሠሩ።

ማናሳስ_ሾፌር

እግዜር ያሳይህ! እሳቸውን ኡስቴድ ነው የምትላቸው፣ እርስዎ። ግሱን እንደ «እሱ» ታደርገዋለህ፦ ኡስቴድ ኮሲና፣ ኡስቴድ ኮሜ፣ ኡስቴድ ቢቤ። አበሻ ስለሆንክ ይሄ አይከብድህም። እኛ ስናከብር «እርስዎ ይሠራሉ» ብለን የ«እነሱ»ን ግስ እንዋሳለን፤ እነሱ የ«እሱ»ን ይዋሳሉ። ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ አክብሬ ልጥራ ብለህ «ን» አትጨምር። «ን» ስትጨምር ብዙ ሰው ነው።

የቶሮንኻ_ልጅ

ይቺን ልጨምር። ኡስቴድ ከጥንቱ «ቡዌስትራ ሜርሴድ» አጥሮ የመጣ ነው። «ጸጋዎ» እንደማለት ነው። ግሱ የሦስተኛ መደብ የሆነው ለዚህ ነው፤ የሚናገሩት ስለ ሰውየው ጸጋ እንጂ ለሰውየው አልነበረም።

የሳህን_ጌታ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁጭ ብዬ የሥራ ቀኔን ጻፍኩት። አርሙልኝ።

ዬጎ ቴምፕራኖ። (ቀደም ብዬ እደርሳለሁ።)
ኾሴ ኮሲና ኢ ዮ ላቦ ሎስ ፕላቶስ። (ኾሴ ያበስላል፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ።)
አብሬሞስ አ ላስ ኦንሴ። (በ11 ሰዓት እንከፍታለን፣ በፈረንጅ ሰዓት።)
ኮሜሞስ ኹንቶስ። (አብረን እንበላለን።)
ኤዮስ ቤቤን ኮካ፣ ዮ ቤቦ ካፌ። (እነሱ ኮካ ይጠጣሉ፣ እኔ ቡና።)
ሊምፒያሞስ ላ ኮሲና ኢ ሴራሞስ። (ወጥ ቤቱን እናጸዳና እንዘጋለን።)
ቢቤሞስ ኤን ሜሪላንድ። (የምንኖረው ሜሪላንድ ነው።)

ፊደል_ቆጣሪ

ጎበዝ! «ኾሴ ኮሲና ኢ ዮ ላቦ» ላይ «ዮ» በቦታዋ ገብታለች፣ እሱና አንተን ለመለየት። ሁለት ብቻ ላርም። «አብሬሞስ» እና «ቢቤሞስ» ሁለቱም የሣልስ ቤት ናቸው። አብሪር፣ አብሪሞስ። ቢቢር፣ ቢቢሞስ። ያቺ ተንኮለኛ ያልኩህ ናት።

ደግሞ ቤቤር (መጠጣት) እና ቢቢር (መኖር) በጣም እንዳይደባለቁብህ። ቤቤሞስ «እንጠጣለን»፣ ቢቢሞስ «እንኖራለን»። ያንተ ቢቤሞስ መሃል ሰፋሪ ናት። ላቲኑ ሁለት ዓይነት ፊደል ይጠቀማል፤ ለጆሮ ግን ሁለቱም «ብ» ነው፣ የሚለያቸው አናባቢው ብቻ ነው።

ማድሪድ_ሜትሮ

«ሴራሞስ» ልክ ነው፤ ግን እድለኛ ስለሆንክ ነው። ሴራር (መዝጋት) መደበኛ አይደለም። «እዘጋለሁ» ስትል ሴሮ አይባልም፣ ሲዬሮ ነው። ሲዬሮ፣ ሲዬራስ፣ ሲዬራ፣ ሴራሞስ፣ ሲዬራን። ጭራዎቹን ተመልከት፣ አንዱም አልተነካም። የተሰበረው ስሩ ነው። የት የት ተሰበረ? ረገጡ ስሩ ላይ የወደቀበት ቦታ ሁሉ። «እኛ» ላይ ረገጡ ወደ ጭራው ስለሸሸ ስሩ ደህና ተረፈ። የሾፌሩ «ቦስ»ም መጨረሻውን ስለሚረግጥ አይሰበርም፦ ቦስ ሴራስ። ረገጥ ረገጥ እያልኩ የጮህኩት በከንቱ አይደለም። መደበኛው ላይ ረገጡን በደንብ የያዘ ሰው የተሰባሪዎቹን ግማሽ ሥራ ጨርሷል።

ፊደል_ቆጣሪ

እሺ፣ ይቺ ነጥብ ያንተ ናት።

ማናሳስ_ሾፌር

ወጥ ቤት ውስጥ ሌላም ወጥመድ አለ። «እኔ» ላይ ብቻ «ጎ» የሚያስገቡ አሉ። አሴር (ማድረግ) አጎ ይሆናል፣ ፖኔር (ማስቀመጥ) ፖንጎ፣ ሳሊር (መውጣት) ሳልጎ። ከዚያ በኋላ እንደ ማንም ናቸው፦ ሳልጎ፣ ሳሌስ፣ ሳሌ፣ ሳሊሞስ፣ ሳሌን። ቀኑን ሙሉ የምትሰማቸው ስለሆኑ ከሰንጠረዥ አትፈልጋቸው፣ ራሳቸው ይመጣሉ።

ቡና_ጠጡ

እኔን ደግሞ ግራ ያጋባኝ ጊዜው ነው። «አሁን ጊዜ» ይባላል፣ ልጆቹ ግን ስለ ነገ ሲያወሩም እሱኑ ነው የሚሉት።

ፊደል_ቆጣሪ

አንተስ? «ነገ ትሠራለህ?» ስትል የምትጠቀመው በየቀኑ የምትለውን «ትሠራለህ» አይደለም? «ትራባኻስ ማኛና?» ቃል በቃል እሱ ነው። ግራ የሚያጋባህ በእንግሊዝኛ በኩል ስለምታስበው ነው። በአማርኛ አስበው።

በአንድ ነገር ብቻ ይሰፋል። እኛ አሁን እየሆነ ላለ ነገር «እየ» እንጨምራለን፦ ምን እየሠራህ ነው? እነሱም «ኤስቶይ ላባንዶ» (እያጠብኩ ነው) የሚል አላቸው። ግን ተራው አሁን ጊዜም ለዚያ ይሠራል። «ኬ አሴስ?» ቢሉህ «ምን ታደርጋለህ»ም «ምን እያደረግክ ነው»ም ሊሆን ይችላል። ከሁኔታው ትረዳዋለህ። «ላቦ ሎስ ፕላቶስ» ብለህ ብትመልስ ያስኬዳል፣ እጅህን አረፋ ውስጥ እያዩ ማን ይጠይቅሃል።

የሳህን_ጌታ

አንዲት ቀረችኝ። ፑፑሳ (የሳልቫዶሮቹን የተሞላ ቂጣ) ሰጡኝ፣ በጣም ጣፈጠኝ። ጉስታር መደበኛ ነው፣ የአብላር ቤት። ታዲያ «ጉስቶ ፑፑሳስ» ስል ለምን ሳቁ?

የቶሮንኻ_ልጅ

ልጄ፣ ጉስታር መደበኛ ነው፤ ግን ባለቤቱ አንተ አይደለህም። ፑፑሳዎቹ ናቸው። «ሜ ጉስታን ላስ ፑፑሳስ» ነው የሚባለው። «ደስ ይሉኛል» በል በልብህ። እኛ ደስ ይለኛል፣ ይርበኛል፣ ያመኛል ስንል «እኔ» ጭራ ላይ ነን፣ አድራጊው ሌላ ነው። ጉስታርም ከዚያ ወገን ነው። አንድ ነገር ከሆነ ሜ ጉስታ፣ ብዙ ከሆነ ሜ ጉስታን። ቡና አንድ ነው፦ ሜ ጉስታ ኤል ካፌ። ኩባ ሳለን አሜሪካዊ ተማሪ ቢኖር ይሄ አንድ ሳምንት ይፈጅበት ነበር፤ የኛ ልጆች ግን በአንድ ቀን ነው የገባን።

የሳህን_ጌታ

በቃ አሁን ገባኝ ጋሼ። የመጨረሻ፦ «ዛሬ ማነው የሚያጥበው?» እንዴት ልበል? ሁልጊዜ እኔ ላይ ነው የሚጥሉት።

ፊደል_ቆጣሪ

«ማን» እንደ «እሱ» ይረባል፦ ኪየን ላባ ኦይ?

ማናሳስ_ሾፌር

ሃሃሃ። ልክ ናት፣ እንደዛ በላቸው። መልሱንም ግን ከአሁኑ ልንገርህ፦ «ላባስ ቦስ»። መጨረሻው ይረገጣል።

የሳህን_ጌታ

ኖ ላቦ። ኮሲኖ።